ሳይከፈት ሞተ አይባልም

ሰው ሕመሙ ሲጠናበት፣ አቅሙ ካለው፣ ወደ ባንኮክ ወይም ወደ ዴልሂ ይሄዳል። የኮምፒውተር ጉዞ የተገላቢጦሽ ነው። ፍራንክፈርት ታሞ፣ ቶሮንቶ ታሞ፣ ዋሽንግተን ታሞ፣ በባለቤቱ ታቅፎ ቦሌ ያርፍና ከዚያ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ደቡብ ወርዶ ሐዋሳ ይገባል። ሰውየው ወደ ውጭ እንዲላክ የሕክምና ቦርድ ይወስንለታል፤ ይኼኛው ወደ ሀገር ቤት የሚላከው ቦርዱ ሞቷል ተብሎ ነው።

«ታቅፎ» ያልኩት ወጉን ለማሳመር አይደለም። የሊትየም ባትሪ እሳት ያነሣል ተብሎ ስለሚፈራ አየር መንገዶች ላፕቶፕ ከሰው አጠገብ እንዲቀመጥ ይመክራሉ፤ ከኮምፒውተሩ የወጣ ትርፍ ባትሪማ ጭራሽ ወደ ዕቃ መጫኛው አይገባም። ስለዚህ እናት ያዘዘችው ድስት ከታች በጨለማ ሲጓዝ፣ የማይበራው ላፕቶፕ ከላይ፣ ከባለቤቱ እግር ሥር ሆኖ፣ እራትና ቁርስ ሲታደል እየሰማ ይመጣል።

አክስቴ ቤት ሻንጣ የሚከፈት ዕለት ጎረቤቱ ሁሉ ቡና ይጠራል። ጫማው ለእገሌ፣ ሽቶው ለእገሊት፣ የመገጣጠሚያ ኪኒኑ ለአክስቴ። ባለፈው ጥር ልጇ ከፍራንክፈርት ሲመጣ፣ ይህ ሁሉ ታድሎ ካበቃ በኋላ፣ ከእጅ ሻንጣው በፒጃማ የተጠቀለለ ነገር ወጣ። የማንም ስጦታ አልነበረም። በሁለት እጁ አንሥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። አክስቴ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ይሄ ነው?» አለች። «አዎ።» «ከመቼ ጀምሮ?» «ከመስቀል ጀምሮ።» ሴቶቹ ከንፈራቸውን መጠጡ።

ታሪኩን ያጫወተኝ ማታ ነው። አንድ ቀን ጠዋት ማብሪያውን ቢጫነው ዝም። ቻርጀር ቀየረ፤ ዝም። ወደ አንድ ጥገና ቤት ወሰደው። ቤቱ ንጹሕ ነው፣ አበባ አለው፣ ኮምፒውተር ግን አይታይበትም። የደንብ ልብስ የለበሰ ወጣት ዕቃውን ሳይነካ ቁጥር ሰጠውና ቅጽ አስሞላው። ለማየት ብቻ የሚከፈል ክፍያ አለ፤ ከፈለ። ከሰነባበተ በኋላ ደብዳቤ መጣለት። ማዘርቦርዱ መቀየር አለበት፤ ዋጋውም አዲስ ከመግዛት የሚያንሰው በጥቂት ነው፤ ስለዚህ አዲስ ቢገዙ ይሻልዎታል፤ ከአክብሮት ጋር።

«ግን ከፍተው አይተውታል?» ብዬ ጠየቅሁት።

«ደብዳቤው ታይቷል ይላል» አለኝ፤ ጀርመን ሀገር ሲኖር ደብዳቤን መጠራጠር ትቷል።

በክፋት ያደረጉት አይመስለኝም። ሒሳቡ ራሱ ነው እንዲህ የሚያናግራቸው። እዚያ የአንድ ባለሙያ የአንድ ሰዓት ድካም ውድ ነው፤ ቻይና ውስጥ በመቶ ሺሕ የሚገጣጠመው ማሽን ግን ርካሽ ሆኖ ይመጣል። ባለሙያው አራት ሰዓት ተቀምጦ አንዲት የጤፍ ፍሬ የምታህል ዕቃ ቢፈልግ፣ በዚያ ገንዘብ ግማሽ ኮምፒውተር ይገዛል። ሐዋሳ ውስጥ ደግሞ አራት ሰዓት የተቀመጠ ሰው ቢገኝ ማንም አይገረምም፤ ብርቁ ኮምፒውተሩ ነው። ከዚህ በላይ ደግሞ አምራቾቹ ማሽኑን እያቀጠኑት መጥተው ባትሪውን በሙጫ ይለጥፉታል፣ ራሙን ከቦርዱ ጋር ይበይዱታል፣ ብሎኑን በተለመደው ካቻቢቴ እንዳይፈታ አድርገው ይቀርጹታል። የአክስቴ ልጅ «ሳጥኑን የሠሩት እንዳይከፈት ነው» ሲል ያማርር ነበር።

ስለዚህ አዲስ ገዛ። አዲሱ ሌላ ጣጣ ይዞ መጣ። ጀርመን ሀገር የሚሸጥ ኮምፒውተር የፊደል ገበታው የጀርመን ነው፤ በላዩ ላይ ዋይ እና ዜድ ቦታ ተለዋውጠዋል። ለጀርመን ምንም አይደለም። አማርኛን በድምፁ እየተከተለ በላቲን ቁልፍ ለሚተይብ፣ ዓይኑንም ገበታው ላይ ተክሎ ለሚጽፍ ሐበሻ ግን ጉድ ነው፤ የፊደል ፕሮግራሙ የሚያውቀው የእንግሊዝኛውን ቦታ ነውና። «የኔ እናት» ብሎ የጀመረው «ዘኔ እናት» ሆነ። ዝናቡ «ይናብ» ሆኖ ዘነበ። አክስቴ ስልኳ ላይ አንብባ «ልጄን ምን አስነኩብኝ» ብላ ወደ እኔ ደወለች። ፓሪስ የሚኖሩት ይባስ ብሎባቸዋል፤ በፈረንሳዩ ገበታ ኤ እና ኪው ስለተቀያየሩ፣ ጥንቃቄ ያላደረገ ሰው «አዲስ አበባ» ሊል ፈልጎ «ቅዲስ ቅበብቅ» ይልካል። የሲዳምኛ ጸሐፊም ከዚህ አላመለጠም፤ ሲዳሙ አፎ በላቲን ፊደል ነውና የሚጻፈው፣ ጣቱ የእንግሊዝኛውን ገበታ ከለመደ ዋይና ዜድ ለእርሱም ይምታቱበታል።

ቢሆንም ዘመኑ የተሻለ ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት ውጭ ሀገር ኮምፒውተሩ የተበላሸበትና አዲስ የገዛ ሰው አማርኛውንም አብሮ ይቀብር ነበር፤ ፎንቱ በፍሎፒ ተገልብጦ ከአንድ ደግ ሰው እጅ እስኪደርሰው ድረስ የሰርግ መጥሪያውንም የሐዘን መግለጫውንም በእጁ ይጽፋል።

የአክስቴ ልጅ አሮጌውን መጣል አልሆነለትም። ፎቶው አለበት፣ ግማሽ ላይ የቀረ አንድ ጽሑፍ አለበት፣ ከሁሉ በላይ ግን ልቡ አልቆርጥ አለ። እኛ ዘንድ አይሠራም የተባለ ዕቃ «ቁራሌው!» እያለ የሚዞረው ልጅ እስኪመጣ ይጠብቃል፤ ቁራሌው ለፌስታሉም ለበርሜሉም የምትሆን ነገር ጣል አድርጎልህ ይሄዳል። ዕቃው መርካቶ ምናለሽ ተራ ከደረሰ ደግሞ ምን ሆኖ እንደሚወጣ አይታወቅም። ጀርመን ሀገር ግን ዕቃውን አንተው ራስህ ተሸክመህ ወደ ማስረከቢያው ትሄዳለህ እንጂ ማንም ደጅህ መጥቶ አይገዛውም። ካሊፎርኒያማ እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ ስክሪን ያለውን ዕቃ ስትገዛ ገና ከሱቁ ሳትወጣ የመጣያውን ታስከፍላለች። ተዝካሩን በክርስትናው ዕለት መክፈል ማለት ነው።

አንድ ወዳጁ ጥገና ካፌ የሚባል ነገር እንዳለ ነገረው። ነገሩን የጀመረችው ማርቲነ ፖስትማ የምትባል ኔዘርላንዳዊት ናት፤ አምስተርዳም ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 18 ቀን 2009። ሰዎች የተበላሸ ዕቃቸውን ይዘው ይመጣሉ፣ ሙያ ያላቸው በጎ ፈቃደኞች አብረዋቸው ተቀምጠው በነፃ ይሠራሉ፣ ቡና ይጠጣል። ዛሬ በብዙ ሀገሮች ተዛምቷል። እርሱ የሄደበት አዳራሽ ውስጥ መብራት፣ የዳቦ መጥበሻና የልብስ ስፌት መኪና ይዘው የተሰለፉ ሰዎች ነበሩ። ጡረታ የወጡ አንድ ሽማግሌ መነጽራቸውን ከፍ አድርገው ላፕቶፑን በደስታ ፈቱት። በሕይወቱ ኮምፒውተሩ ሲፈታ ሲያይ ያ የመጀመሪያው ነው። ሽማግሌው አገላብጠው አይተው፣ ችግሩ ቦርዱ ላይ እንደሆነና ለዚያ የሚሆን መሣሪያ በእጃቸው እንደሌለ ነገሩት፤ ከዚያ መልሰው ገጥመው ቡና ቀዱለት። «ሀገሬ የገባሁ መሰለኝ» አለኝ። ማኅበር መሥርተው፣ ስም አውጥተው፣ ቀን ቆርጠው ያገኙት ነገር እኛ ዘንድ ሱቅ ደጃፍ ይባላል።

ሕግም ወጥቶላቸዋል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በሰኔ 2024 ዕቃን የማስጠገን መብት የሚል መመሪያ አጸደቀ፤ አባል ሀገሮቹ እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 31 ቀን 2026 ጀምሮ በሥራ ላይ እንዲያውሉት ይጠበቃል። የልብስ ማጠቢያ፣ ማቀዝቀዣ፣ ስልክና ታብሌት የሠራ ፋብሪካ በተመጣጣኝ ዋጋ ሊጠግን ይገደዳል። ላፕቶፕ ዝርዝሩ ውስጥ ገና አልገባም፤ ግን ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ ላፕቶፕን ጨምሮ አንዳንድ ዕቃዎች ለጥገና ምን ያህል እንደሚመቹ ከ10 ነጥብ ተሰጥቷቸው እንዲሸጡ አድርጋለች። አሜሪካ ውስጥም ኒውዮርክ፣ ካሊፎርኒያ፣ ኦሪገን የየራሳቸውን ሕግ አውጥተዋል።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ሕግ በጭንቅላቱ፣ ላፕቶፑን በብብቱ ይዞ ነው የአክስቴ ልጅ ሐዋሳ የገባው።

ቅዳሜ ጠዋት «የማውቀው ልጅ አለ» አልኩት። ሐዋሳ ውስጥ ማንኛውም ጥገና የሚጀምረው በዚህ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ሱቁ ታፔላ ቢኖረውም ባይኖረውም ለውጥ የለውም። ደወልኩለት። «ጋሼ፣ ሱቅ መብራት የለም። አሞራ ገደል ነኝ፣ የዓሣ ሾርባ ላይ። ይዛችሁት ኑ» አለኝ።

የአክስቴ ልጅ በባጃጁ ውስጥ «ቀጠሮ አያስፈልገውም?» አለ። «ቀጠሮው እኮ ይሄ ነው» አልኩት።

አሞራ ገደልን የማያውቅ አንባቢ ካለ፣ ቦታው ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ነው፤ ጠዋት ጀልባዎቹ መረባቸውን ይዘው የሚደርሱበት። ቆረሶው አለ፣ አምባዛው አለ። ልጆች ቀጫጭን ቢላዋ ይዘው ዓሣውን በሰከንድ ልዩነት ቆዳውን ገፍፈው ሥጋውን ከአጥንቱ ይለያሉ። ጥሬውን በዳጣ የሚበላ አለ፣ ተጠብሶ እስኪመጣለት የሚጠብቅ አለ፣ ከትናንት ማታው ጨዋታ ለመዳን ሾርባውን ፉት የሚል አለ። ከዛፉ ላይ ጉሬዛና ጦጣ፣ ከመሬት አባ ኮዳ። አባ ኮዳዎቹ ራሰ በራቸውን ደፍተው፣ ኮረጇቸውን አንጠልጥለው፣ የሚወረወር አንጀት ይጠብቃሉ። ቁመታቸው ልጅ ያህላል፤ የሚፈሩት ሰው የለም።

የኛ ባለሙያ ሾርባውን ወደ ጎን ገፋ አደረገና ጠረጴዛውን በሶፍት ጠረገ። ከኪሱ ካቻቢቴ አወጣ። ከቦርሳው ጊዜው ያለፈበት የኤቲኤም ካርድ አወጣ። የአክስቴ ልጅ ያን ካርድ ሲያይ የሚከፍል መስሎት ነበር። ካርዱ ግን የላፕቶፑን ከንፈር መፈልቀቂያ ነው።

«እዚህ ልትከፍተው ነው? ከዓሣው ጋር?»

«አይዞህ ብሮ፣ ማየት ነው።»

«ማየቱ ስንት ነው?»

«ማየትማ በነፃ ነው። ዓይን እኮ ነው።»

ብሎኖቹን እየፈታ በተነሡበት ቅደም ተከተል የሾርባው ሳህን ጠርዝ ላይ ደረደራቸው። አንድ አባ ኮዳ የሚያብለጨልጭ ነገር አይቶ ሁለት እርምጃ ቀረበ። «ብሎኑን ጠብቁልኝ!» ሲል ዓሣ የሚገፈው ልጅ ቢላዋውን እንደያዘ ወፉን አባረረልን፤ በዚያውም ሥራውን ትቶ አብሮን ቆመ። ከዚያ በኋላ ማን እንደቀረ አላውቅም። ጀልባ የሚያከራየው መጣ፣ ፎቶ አንሺው መጣ፣ ቆሎ ሻጯ መጣች። ሁሉም አስተያየት አለው። ፎቶ አንሺው ባትሪው ነው አለ። ጀልባ አከራዩ ቫይረስ ነው አለ። መረብ የሚተበትቡ አንድ አባት ደግሞ ረጋ ብለው «ውሃ ገብቶበት ነው» አሉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ለተበላሸ ነገር ሁሉ የሰጡት ምክንያት ይመስለኛል፤ ብዙ ጊዜም ልክ ሳይሆኑ አልቀሩም።

ባለሙያው ቦርዱን አንሥቶ አሸተተው። ይህን ያደረገው ለማስደነቅ አይደለም፤ የተቃጠለ ነገር ከመታየቱ በፊት ይሸታል። ዙሪያው የዓሣ ጠረን ሆኖ እንዴት እንደለየው ግን እስካሁን አልገባኝም። ከዚያ ቴስተሩን አወጣና ሁለቱን ሽቦዎች እዚህም እዚያም ነካ ነካ ሲያደርግ ቴስተሩ ጢጥ አለ።

«ሾርት አድርጓል። ግን ቦርዱ አልሞተም። አንዲት ካፓሲተር ናት።»

«ፍራንክፈርት ሞቷል ብለው በደብዳቤ ጽፈውልኛል» አለ የአክስቴ ልጅ፤ ስልኩ ላይ ያለውን ደብዳቤ ሊያሳየው ፈልጎ።

«ሳይከፈት ሞተ አይባልም» አለው ልጁ፣ ደብዳቤውን ሳያይ።

የአክስቴ ልጅ ይህን ጊዜ ስለ አውሮፓው መመሪያ አጫወተው። ባለሙያው በጥሞና አዳመጠና፣ «ለመጠገን ሕግ አስፈለጋቸው?» አለ። «ቆይ፣ እስከዛሬ ማን ከልክሏቸው ነበር?» ለዚህ የሚሆን አጭር መልስ አልነበረንም። ዓሣው መጣና ዳንን።

ከሰዓት በኋላ መብራት መጣ። ሱቁ ከሦስት ሰው በላይ አይችልም፤ የተቀረው ቦታ የሙታን ነው። ከወለል እስከ ጣሪያ ስክሪን የሌለው፣ ቁልፉ የረገፈ፣ ማጠፊያው የተሰበረ ላፕቶፕ ተደርድሯል። ካፓሲተሯ ከአንዱ ሟች ተነቀለች። በካውያው ጫፍ ከተነካች በኋላ ኮምፒውተሩ ቻርጀር ተሰካለት፤ ከቻርጀሩ ወደ ዲቫይደር፣ ከዲቫይደሩ ወደ ስታቢላይዘር፣ ከዚያ ወደ ግድግዳ። በራ። የአክስቴ ልጅ በጀርመንኛ አንድ ቃል ተናገረ።

ሒሳብ ላይ ግን ተበላሸ። «ስንት ነው?» «የመሰለህን።» የአክስቴ ልጅ በሚኖርበት ሀገር ዋጋው ከሥራው በፊት ይነገራል፤ አንዳንዴም ሥራው ሳይመጣ ዋጋው ብቻ ይመጣል። የመሰለህን ሲባል ምን እንደሚመስለው አያውቅም። በዩሮ አሰበ፣ በብር መነዘረ፣ እፍረት ያዘው፣ ብዙ አወጣ። ባለሙያው ተቆጥቶ ግማሹን መለሰ። የአክስቴ ልጅ ደግሞ የተመለሰውን መልሶ ባለሙያው ኪስ ውስጥ ከተተ። ገዢ ለመጨመር ሻጭ ለመቀነስ ሲታገሉ መንገድ ላይ ያለ ሰው ጠብ መስሎት ሊገላግል ገባ።

«ዋስትና አለው?»

«ስልኬን ያዝ። ከጠፋ ደውልልኝ።»

«የምኖረው እኮ ፍራንክፈርት ነው።»

«ታዲያ እዚያ ኔትወርክ የለም?»

ይህን ሁሉ ስጽፍ የሀገር ቤት ጥገናን ለማሞገስ ብቻ የተነሣሁ እንዳይመስል። ስምንት ጊጋ ራም ይዞ ገብቶ በአራት የወጣ ላፕቶፕ አውቃለሁ። «ኦሪጅናል» የተባለ ባትሪ ሳጥኑ ብቻ ኦሪጅናል ሆኖ ይገኛል። «ነገ ና» የሚለው ቃል ለአንዳንዱ ባለሙያ የቀን ስም ሳይሆን የስንብት ሰላምታ ነው። ፎቶህን የሚያገላብጥም አለ፤ ለዚህ ነው ዕቃዬን ትቼ የማልሄደው። ጠባቡ ሱቅ ውስጥ በርጩማ ስቤ፣ ስለ ፖለቲካም ስለ እግር ኳስም እያወራሁ፣ ዓይኔን ከካቻቢቴው አልነቅልም። ባለሙያው ወዳጅነት ነው ብሎ ያስባል፤ ወዳጅነትም ነው።

ደግሞም እዚህ የሚጠገነው ጥገና ስለምንወድ ብቻ አይደለም። መተካት ስለማይቻል ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲወሰን ሲለቀቅ 57 ብር ግድም የነበረው ዶላር፣ የፈረንጆቹ ዓመት ሳያልቅ 120ን አለፈ። ላፕቶፕ ደግሞ በዶላር የሚመጣ ዕቃ ነው። ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ አካባቢ ባትሪው የሞተ ላፕቶፕ ይዞ የመመረቂያ ጽሑፉን የሚሠራ ተማሪ ማየት ብርቅ አይደለም፤ ከግድግዳው ሲነቀል ይጠፋል። መብራት በሄደ ቁጥር ምዕራፍ ሁለት አብሮ ይሄዳል። እንዲህ ያለውን ተማሪ አማካሪው «ጽሑፍህ ለምን ይቆራረጣል?» ሲለው መልሱን መብራት ኃይል ነው የሚያውቀው።

ለዚህ ነው በእኛ ሰው ዘንድ ውጭ ሀገር የሚኖር ዘመድ ሁሉ የኮምፒውተር ሱቅ ተደርጎ የሚቆጠረው። «ስትመጣ አንዲት ላፕቶፕ፣ ያገለገለችም ብትሆን» ይባላል። ያገለገለች ሲባል ተመጽዋቹ ትሑት መስሎ ነው፤ ዝርዝሩ ቀጥሎ ይመጣል፦ ኮር አይ 7፣ 16 ጊጋ ራም፣ ኤስኤስዲ፣ ቢቻል መብራት ያለው ኪቦርድ።

ወደዚያች ሱቅ ልመለስና፣ የአክስቴ ልጅ ደስታው ትንሽ ቆይቶ ቀዘቀዘ። የበራው ላፕቶፕ ላይ የቆየ ማስጠንቀቂያ መጣበት። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ሲሰጥ የነበረውን ድጋፍ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 14 ቀን 2025 አቁሟል፤ ለተመዘገበ ሰው የአንድ ዓመት ማራዘሚያ ቢፈቅድም። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ቺፕ ይጠይቃል፤ ከኢንቴል በኩልም በጥቅሉ ከስምንተኛ ጀነሬሽን በታች ያለውን አይቀበልም። ስምንተኛው የወጣው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። የአክስቴ ልጅ ኮምፒውተር ሰባተኛ ነው። «ሞቶ ተነሣ ስል ዕድሜው አልፏል ማለት ነው» አለ።

«ሰባተኛ ጀነሬሽን?» ባለሙያው ከልቡ ሳቀ። «ሰባተኛ ገና ልጅ ነው! ያቺን ታያታለህ?» መደርደሪያው ሥር አንዲት ወፍራም ላፕቶፕ የደንበኛ ደረሰኝ እያተመች ነበር። «ሦስተኛ ናት። ሱቁን የምታስተዳድረው እሷ ናት።» ከዚያ ፍላሽ ሰካና፣ ዊንዶውስ 11 በበሩ ላይ የሚጠይቀውን ጥያቄ በጓሮ ዞሮ አለፈው። የአክስቴ ልጅ «ይሄ ይፈቀዳል?» አለ። አሁንም ወደዚያው ወደ ፈቃድ ተመለሰ። ባለሙያው እንዲህ አድርጎ የተጫነ ዊንዶውስ ወደፊት ማሻሻያ ሊቀርበት እንደሚችል በግልጽ ነገረው፤ የባንክ ሥራውን በአዲሱ፣ ጽሑፉንና ፎቶውን በዚህ እንዲያደርግ መከረው። ክፍያ ስላልጠየቀበት ምክሩን አመንኩት።

ሊለያዩ ሲሉ ነው ነገሩ የተጀመረው። «ቅድም ሰዎች እንዲህ ዓይነቱን ይጥሉታል ብለሃል» አለ ባለሙያው። «የሚጣል ካየህ አምጣልኝ። ባይሠራም ለመለዋወጫ ይሆነኛል።»

ጉዳዩ ሲታሰብ ቀላል አይደለም። ዓለም እ.ኤ.አ. በ2022 ብቻ 62 ሚሊዮን ቶን የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ አመንጭቷል፤ በአግባቡ ተሰብስቦ መልሶ ጥቅም ላይ መዋሉ የተመዘገበው ሩቡን እንኳ አይሞላም። ሀብታሞቹ ሀገሮች ያንን ወደ ድሆቹ እንዳያራግፉ ነው የባዝል ስምምነት የተደረገው፤ አፍሪካም እ.ኤ.አ. በ1991 የራሷን የባማኮ ስምምነት ጨምራበታለች። እ.ኤ.አ. ከ2025 መጀመሪያ አንሥቶ የባዝሉ ጠበቅ ብሎ፣ ማንኛውም የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ ድንበር ከመሻገሩ በፊት የተቀባዩ ሀገር ፈቃድ ይጠየቅበታል። ክርክሩ ያለው አንድ ቦታ ላይ ነው፦ ሊጠገን የሚላክ ዕቃ ቆሻሻ ነው ወይስ ዕቃ? ዲፕሎማቶች ጄኔቭ ተሰብስበው ለዓመታት ሲነታረኩበት ኖረዋል። የሚያሳስባቸው በእርግጥ ኮንቴይነሩ እንጂ የአክስቴ ልጅ ሻንጣ አይደለም። እርሱ ግን ጀርመን የኖረ ሰው ነውና ስምምነቱን ፈልጎ አነበበው። ጄኔቭ ሳይሄድ መልሱን ያገኘው አሞራ ገደል ነው፤ ሳይከፈት ሞተ ካልተባለ ቆሻሻም አይባልም።

አሁን ፍራንክፈርት ተመልሷል። የሐበሻው ቤት ሁሉ ከየአልጋው ሥር የማይበራ ላፕቶፕ እያወጣ እየሰጠው ነው። መጨረሻ ላይ ምድር ቤት የሚኖሩ አንዲት ጀርመናዊት ባልቴት ደረጃው ላይ አስቁመው ወዴት እንደሚወስደው ጠየቁት። «ሐዋሳ፣ ሊጠገን» አላቸው። ሴትዮዋ ቦታው የት እንደሆነ አልጠየቁም። ተመልሰው ገብተው ሁለት ዓመት የቆመ የቡና ማሽናቸውን ይዘው ወጡ።

ትናንት ደወለልኝ። ያ ልጅ የቡና ማሽን ይሠራ እንደሆነ እንድጠይቅለት። ጠየቅሁ።

«ይምጣ፣ እናየዋለን» አለኝ።

ለጊዜው እንቅፋት የሆነችብን አክስቴ ናት። ሁለት ሻንጣ፣ እያንዳንዱ 23 ኪሎ፤ ከዚያ ላይ ያዘዘችው ብርድ ልብስ የት ሊገባ እንደሆነ ትጠይቃለች። ሐዋሳ ቡና ማፍያ ጀበና ሞልቶ ሳለ የፈረንጅ ማሽን ከጀርመን የሚመጣበት ምክንያትም አልገባትም። ለማስረዳት ሞከርኩ፤ ማሽኑ እዚህ ቡና ሊያፈላ ሳይሆን ተሠርቶ ሊመለስ ነው ብላት ጭራሽ ባሰባት። የባልቴቷን ስም ጠይቃለች፤ ለምን እንደፈለገችው አልነገረችኝም።